«አሥር ደቂቃ ስጠኝ»



ዛሬ በዚህ ገጽ ላይ የማነሳው ጉዳይ ብዙዎቻችን «ይህ የመሐንዲስና የፋብሪካ ጉዳይ ነው» ብለን የምናልፈው ነው። ነገር ግን ቤት የሚያሠራ፣ ጉድጓድ የሚያስቆፍር፣ ሱቅ ያለው፣ ጋራዥ ወይም ዳቦ ቤት የሚያስተዳድር፣ ልጁንም ለቀን ሥራ የሚልክ ሰው ሁሉ ጉዳዩ ይመለከተዋል። በአጭሩ፣ አንድን ሥራ ከመጀመራችን በፊት ምን ሊጎዳን እንደሚችል ለይቶ ማወቅ፣ የታወቀውንም አደጋ ሥራው ሳይጀመር መከላከል ማለት ነው። ነገሩን ለማስረዳት በሐዋሳ ከተማ በዐይኔ ካየሁት ልጀምር።

ጉዱማሌ ላይ ያየሁት

ጉዱማሌ በሐዋሳ ሐይቅ ዳርቻ የሚገኝ ሰፊ ሕዝባዊ ሥፍራ ነው። የሲዳማ ሕዝብ የዘመን መለወጫ በዓሉን ፊቼ ጨምበላላን በአደባባይ የሚያከብረው በዚያ ነው። በዓሉ በ2008 ዓ.ም. በዩኔስኮ የማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ ላይ ሰፍሯል። በበዓሉ ሰሞን ሕዝብ ወደዚያ ይጎርፋል። ከሕዝቡ በፊት ግን ሌሎች ሰዎች ይመጣሉ፤ መድረክ የሚያቆሙ፣ ድንኳን የሚተክሉ፣ ድምፅ ማጉያ የሚሰቅሉ፣ የኤሌክትሪክ ሽቦ የሚዘረጉ። እነዚህን ሰዎች ልብ ብሎ የሚያያቸው የለም። ሥራቸው የሚታወሰው አንድ ነገር ሲደረመስ ብቻ ነው።

በአንድ ወቅት ለሥራ ወደ ሐዋሳ ሄጄ ሳለ በማለዳ ወደ ሐይቁ ወጣ ብዬ ነበር። ጉዱማሌ ላይ ስድስት የሚሆኑ ወጣቶች ለአንድ ዝግጅት የሚሆን መድረክ በባሕር ዛፍ አጣና ያቆማሉ። ቋሚዎቹ ከዋዜማው ተተክለው አድረዋል። አሥራ ዘጠኝ ዓመት የሚሆነው፣ ላስቲክ ጫማ ያደረገ ልጅ መዶሻውን ወገቡ ላይ ሽጦ መውጣት ጀመረ። ይህን ጊዜ ከወደ ኋላ አንድ አዛውንት አናጢ፦

«ልጄ፣ ውረድ። ገና አላየነውም» አሉት።

ፎርማኑ ተቆጣ። «ጋሼ፣ ሰዓቱ ሄዷል እኮ። እስከ ማታ ማለቅ አለበት ተብለናል» አላቸው።

«አሥር ደቂቃ ስጠኝ» አሉት ሽማግሌው።

ከዚያም መድረኩን ዞሩት። እያንዳንዱን ቋሚ በሁለት እጃቸው ይዘው ወዘወዙት። በሐይቁ በኩል ካሉት አንዱ ተነቃነቀ። የተተከለበት አፈር ርሶ ለስልሶ ነበር። ቀጥለው አግዳሚዎቹን አንድ በአንድ አዩ። ከዚህ በፊት ሌላ ሥራ ላይ የዋለ፣ የምስማር ቀዳዳ የበዛበትና በስተመካከሉ የተሰነጠቀ አንድ አጣና አገኙና አውጥተው ጣሉት። ሦስተኛ ቀና ብለው ተመለከቱ። ከመድረኩ በላይ በስተቀኝ የኤሌክትሪክ ሽቦ ያልፋል። ለጣሪያው የመጣው የብረት ቱቦ ደግሞ ረጅም ነው። ቱቦው ሲቆም ሽቦውን ሊነካ እንደሚችል ለልጆቹ በእጃቸው አሳዩአቸው። በመጨረሻም ከሥር መንገደኛ የሚያልፍበትን ቦታ በገመድ እንዲያጥሩት አዘዙ።

የላላው ቋሚ ከደረቅ መሬት እስኪደርስ በጥልቀት ተቆፍሮ እንደገና ተተከለ፤ መድረኩም ከሽቦው ፈቀቅ እንዲል በቀኝ በኩል ያለው ረድፍ ተነቅሎ ወደ ግራ ዞረ። በሰዓቴ ስመለከት ዙሪያውን ለማየት የፈጀው አሥራ አምስት ደቂቃ ያህል ነው፤ ማስተካከሉ ግን አንድ ሰዓት ተኩል ወሰደ። ፎርማኑ ፊቱ እንደጠቆረ ነበር። እኔም ጠጋ ብዬ «አባቴ፣ ይህን የት ተማሩት?» ብዬ ጠየቅኋቸው። «ማንም አላስተማረኝም፤ አብረውኝ ይሠሩ የነበሩ ሁለት ሰዎች ወድቀው ቀብሬያለሁ» አሉኝ።

ይህን ስሰማ ዝም አልኩ። ምክንያቱም ታላቅ ወንድሜን አስታወሱኝ።

የወንድሜ ነገር

ታላቅ ወንድሜ የልስን ሠራተኛ ነበር። እኔ ዩኒቨርሲቲ እያለሁ የኪስ ገንዘብ የሚልክልኝ እርሱ ነው። አንድ ቀን ጠዋት እንደ ወትሮው ሦስተኛ ፎቅ ላይ ወደ ርብራቡ ወጣ። ከመቆሚያው ጣውላዎች አንዱ ግን በዋዜማው አመሻሽ ላይ ለሌላ ሥራ ሲፈለግ ምስማሩ ተነቅሎ፣ ሲጨረስ እንዲሁ ተመልሶ ተጋድሞ ነበር። ጣውላውን ያነሱት ሰዎች ለማንም አልተናገሩም። ጠዋት የገቡትም አልጠየቁም። ወንድሜ ጫፉን ሲረግጠው ጣውላው ከዳው።

አልሐምዱሊላህ፣ ነፍሱ ተርፏል። የዳሌው አጥንት ግን እንደ ቀድሞው አልሆነም። አሠሪው የመጀመሪያውን ሳምንት አሳከመ፤ ከዚያ ጠፋ። እኛም «የተጻፈ ውል የለንም» ብለን ዝም አልን። ዛሬ ወንድሜ በአንዲት ጠባብ ሱቅ ተቀምጦ ይውላል። ስንት ጊዜ «ያን ዕለት አንድ ሰው ጣውላውን በእግሩ ገፋ አድርጎ ቢያየው» ብዬ አስቤያለሁ። የአሥር ደቂቃ እንኳ ሥራ አይደለም፤ የአንድ ደቂቃ ነው።

የአደጋ ምንጭና ሥጋት

ወደ ትምህርቱ እንግባ። በዚህ ሙያ ሁለት ቃላትን መለየት ያስፈልጋል። የመጀመሪያው የአደጋ ምንጭ ነው፤ ሰውን የመጉዳት ችሎታ ያለው ማናቸውም ነገር ማለት ነው። ከፍታ፣ ኤሌክትሪክ፣ የሚሽከረከር ማሽን፣ ጥልቅ ጉድጓድ፣ መርዛማ አየር የአደጋ ምንጮች ናቸው። ሁለተኛው ሥጋት ነው፤ ያ ምንጭ በእርግጥ ሰውን የመጉዳት ዕድሉ ምን ያህል እንደሆነና ጉዳቱ ምን ያህል እንደሚከፋ የምንገምትበት ነው። ከመድረኩ በላይ የሚያልፈው ሽቦ የአደጋ ምንጭ ነው። ከሥሩ የብረት ቱቦ የሚያቆም ሰው ሲኖር ሥጋቱ ከፍ ይላል። ቱቦው ሊደርስበት ወደማይችል ቦታ ሲርቅ ግን ሽቦው እዚያው ቢሆንም ሥጋቱ ይጠፋል ለማለት ይቻላል።

ብዙ ጊዜ የምንሳሳተው አደጋን ከልምድ ጋር ስለምናምታታው ነው። «ሃያ ዓመት እንዲህ ስሠራ ምንም አልሆንኩም» ይባላል። ሃያ ዓመት ምንም አለመሆን ግን ምንጩ አለመኖሩን አያሳይም፤ ያልተያዘው ምንጭ ቀኑን ሲጠብቅ መኖሩን ሊያሳይ ይችላል።

ጥቂት ቁጥሮችን እንመልከት። ከ5 ሜትር ከፍታ የሚወድቅ ሰው መሬት የሚደርሰው በአንድ ሰከንድ ውስጥ ነው፤ ሲደርስም ፍጥነቱ በሰዓት 35 ኪሎ ሜትር ያህል ይሆናል። በአንድ ሰከንድ ውስጥ ማንም ራሱን አያድንም። አንድ ሜትር ኩብ አፈር ከአንድ ተኩል ቶን በላይ ይመዝናል፤ ቦይ ተደርምሶ እስከ ደረቱ የተቀበረ ሰው ጭንቅላቱ ውጭ ቢሆን እንኳ ደረቱ ስለሚጨመቅ መተንፈስ ያቅተዋል። በየመንገዱ ከሚያልፉት የመካከለኛ ኃይል መስመሮች ብዙዎቹ 15 ሺህ ወይም 33 ሺህ ቮልት የተሸከሙና ልባስ የሌላቸው ናቸው፤ ኤሌክትሪኩ ሳይነኩት እንኳ በቅርብ ርቀት ሊዘል ይችላል።

በዓለም ደረጃ ደግሞ ዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2023 ባወጣው ግምት በየዓመቱ ወደ 3 ሚሊዮን የሚጠጉ ሠራተኞች ከሥራ ጋር በተያያዘ በሽታና አደጋ ሕይወታቸውን ያጣሉ። ከእነዚህ 330 ሺህ ያህሉ የሚሞቱት በድንገተኛ አደጋ ሲሆን የቀሩት 2.6 ሚሊዮን ቀስ በቀስ በሚገድል በሽታ ነው። አቧራ፣ ኬሚካል፣ የብየዳ ጭስ ዛሬ ባይታይባቸውም የአደጋ ምንጮች ናቸው።

አራቱ ጥያቄዎች

ታዲያ ከሥራ በፊት ምን እናድርግ? በትልልቅ ፋብሪካዎች የሚሠራበት ዘዴ ረጅም ቅጽ አለው። ፍሬ ነገሩ ግን በአራት ጥያቄዎች ይጠቃለላል።

አንደኛ፦ ሥራው ስንት ደረጃ አለው? ማንኛውንም ሥራ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው በደረጃ እንከፋፍለው። ለምሳሌ የውኃ ጉድጓድ ማጽዳት አንድ ሥራ ይመስላል። ነገር ግን ክዳኑን መክፈት፣ መውረድ፣ ጭቃውን መሙላት፣ ጭቃውን ማውጣት፣ ሰውየውን ማውጣትና መልሶ መክደን አለበት፤ ስድስት ደረጃ ነው።

ሁለተኛ፦ በእያንዳንዱ ደረጃ ምን ሊጎዳን ይችላል? ክዳኑ ሲከፈት እግር ላይ ሊወድቅ፣ ሕፃን ልጅም ሊገባበት ይችላል። ሲወረድ ገመዱ ሊበጠስ፣ ከታች ያለው አየር ሊመረዝ ይችላል። ጭቃው ሲወጣ ባልዲው ከታች ያለው ሰው ራስ ላይ ሊወድቅ ይችላል። እንዲህ አንድ በአንድ ሲታይ አስቀድሞ ያልታሰበው ይወጣል።

ሦስተኛ፦ እያንዳንዱን በምን እንከላከለው? ይህን ከታች በሰፊው እመለስበታለሁ።

አራተኛ፦ ሁሉም ሰው ያውቃል? ፎርማኑ ወይም መሐንዲሱ ብቻ ያወቀው አደጋ አልታወቀም ማለት ነው። ሥራ ከመጀመሩ በፊት ሠራተኞቹ በሙሉ፣ ያን ቀን የተቀጠረውም ጭምር፣ በሚገባቸው ቋንቋ ይነገራቸው። እንደ ሐዋሳ ባለ ከተማ አማርኛ፣ ሲዳምኛ፣ ወላይትኛና ሌላም ቋንቋ የሚናገሩ ሠራተኞች አብረው ይውላሉ፤ ያልገባው ሠራተኛ ራሱን እየነቀነቀ ሊያልፍ ይችላልና መልሶ እንዲናገር ማድረግ ጥሩ ነው። በተጨማሪም ዝናብ ከጣለ፣ ዕቃ ከተለወጠ፣ ሰው ከተቀየረ ወይም ሥራው ካደረ ጥያቄዎቹ እንደገና ከመጀመሪያው ይጠየቁ። ወንድሜን የጣለው ይህ አራተኛው ነው።

ይህ የርክክብ ጉዳይ በእኛ አገር ብቻ የሚታይ ጉድለት እንዳይመስለን። እ.ኤ.አ. ሐምሌ 6 ቀን 1988 በሰሜን ባሕር ፓይፐር አልፋ በተባለው የነዳጅ ማውጫ መድረክ ላይ 167 ሰዎች አልቀዋል። አንድ ፓምፕ ላይ ያለ የደኅንነት ቫልቭ ለጥገና ተፈትቶ ነበር። የማታው ፈረቃ ግን ይህን የሚገልጸው ወረቀት አልደረሰውም፤ ፓምፑንም አስነሳው። በሠለጠነው ዓለም፣ ወረቀትና ደንብ በሞላበት ቦታ፣ ያልተላለፈ አንድ መልእክት ያን ሁሉ ሕይወት አጠፋ።

መከላከያው በቅደም ተከተል ነው

ብዙዎቻችን የሥራ ላይ ጥንቃቄ ሲባል የሚታየን የራስ ቆብና ጓንት ነው። እነዚህ አስፈላጊ ቢሆኑም በቅደም ተከተሉ መጨረሻ ላይ ያሉ ናቸው። ባለሙያዎች የሚያስቀምጡት ቅደም ተከተል አምስት እርከን አለው።

1. ምንጩን ጨርሶ ማስወገድ። ከፍታ ላይ የሚሠራውን መሬት ላይ ሠርቶ ማውጣት ከተቻለ መውደቅ የሚባል ነገር አይኖርም። 

2. በማይጎዳ ወይም በማያሰጋ መተካት። የተሰነጠቀውን አጣና በጤነኛው፣ ከሽቦ አጠገብ ደግሞ የብረቱን መሰላል በእንጨት መሰላል እንደመተካት ነው።

3. በሰውና በምንጩ መካከል ጋሬጣ ማቆም። የርብራብ ጠርዝ ላይ ወገብ ድረስ የሚደርስ መደገፊያ፣ በሚሽከረከር ቀበቶ ላይ ሽፋን፣ ለጥልቅ ቦይ የጎን ድጋፍ።

4. የአሠራር ሥርዓት መዘርጋት። መከለል፣ ማስጠንቀቂያ መለጠፍ፣ ፈረቃ ማሳጠር፣ ማሠልጠን።

5. የግል መከላከያ። ቆብ፣ ጫማ፣ ጓንት፣ መነጽር፣ የደኅንነት ቀበቶ።

አምስተኛው መጨረሻ የሆነበት ምክንያት ግልጽ ነው። ቆብ አደጋው እንዳይደርስ አያደርግም፤ የደረሰውን ጉዳት ይቀንሳል እንጂ። ሠራተኛው ሲሞቀው ሊያወልቀው ይችላል። መደገፊያ ግን ሠራተኛው ቢረሳውም አይረሳውም። የጉዱማሌው ሽማግሌ ይህን ቅደም ተከተል በስም አያውቁት ይሆናል። ነገር ግን መድረኩን ከሽቦው ሲያርቁ አንደኛውን፣ አጣናውን ሲለውጡ ሁለተኛውን፣ በገመድ ሲያጥሩ አራተኛውን ፈጽመዋል። የቀራቸው ለልጁ ጫማ ነበር፤ እሱ ደግሞ የአሠሪው ድርሻ ነው።

በቤታችን ያለው ጉድጓድ

ከላይ የውኃ ጉድጓድን ያነሳሁት ያለ ምክንያት አይደለም። የመፀዳጃ ጉድጓድም ሆነ የቆየ የውኃ ጉድጓድ በየጊዜው ሰው ይቀጥፋል። አሳዛኙ ደግሞ አንዱ ሲወድቅ ሊያወጣው የሚወርደው ሁለተኛው፣ እርሱንም ተከትሎ ሦስተኛው መሞታቸው ነው።

የምንተነፍሰው አየር 21 በመቶ ያህሉ ኦክስጅን ነው። ከ19.5 በመቶ በታች ከወረደ ለሥራ አስተማማኝ አይባልም። በተዘጋ ጉድጓድ ውስጥ ግን ከዚህ በጣም ሊያንስ ይችላል፤ ሰውየው ሳይታወቀው ራሱን ይስታል። ከቆሻሻ የሚወጣው ሃይድሮጅን ሰልፋይድ የተባለው ጋዝ ደግሞ እንደ ተበላሸ እንቁላል ይሸታል። መጠኑ ሲበዛ ግን የማሽተት ችሎታችንን ያደነዝዘዋል። ስለዚህ «ሽታው ጠፍቷል» ማለት አየሩ ጸድቷል ማለት አይደለም፤ እንዲያውም ብሶ ሊሆን ይችላል። ሻማ ወይም ፋኖስ አውርዶ መሞከርም አደገኛ ነው። መርዙን ለይቶ አያሳይም፤ ከቆሻሻ የሚወጣው ሜቴን ካለም ሊፈነዳ ይችላል።

ከሁሉ የሚሻለው የመጀመሪያው እርከን ነው፤ ሰው ጨርሶ አለማውረድ። የመፀዳጃ ጉድጓድ በመጣጭ መኪና ይመጠጥ። ሰው መውረዱ የግድ ከሆነ አየሩ በመሣሪያ ይለካ፣ በማራገቢያ ይለወጥ፣ የሚወርደው ሰው ከመውረዱ በፊት በገመድ ይታሰር፣ ከላይም እርሱን ከመጠበቅ በቀር ሌላ ሥራ የሌለው ሰው ይቁም። ሰው ከወደቀ ማንም ተከትሎ አይውረድ፤ በገመዱ ይጎተት፣ የእሳትና ድንገተኛ አደጋ ሠራተኞችም በአስቸኳይ ይጠሩ። የመብራት ጄኔሬተር በተዘጋ ሱቅ ውስጥ ማስነሳትም ከዚሁ ወገን ነው። ጭሱ ውስጥ ያለው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታ የለውም፤ ከሰል በተዘጋ ክፍል እንደሚገድለው ሁሉ ይገድላል።

እየታየ የታለፈ አደጋ

አደጋን ለይቶ ማወቅ ብቻውን አይበቃም። እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 24 ቀን 2013 በባንግላዴሽ ዋና ከተማ በዳካ አቅራቢያ ራና ፕላዛ የተባለው ባለ ስምንት ፎቅ ሕንፃ ተደርምሶ 1,134 ሰዎች ሞተዋል። ከሟቾቹ አብዛኞቹ ልብስ ሰፊዎች ነበሩ። ከአንድ ቀን በፊት በግድግዳውና በምሰሶው ላይ ስንጥቅ ታይቷል። በሕንፃው ውስጥ የነበረው ባንክ ሠራተኞቹን እንዳይገቡ አደረገ። የስፌት ሠራተኞቹ ግን በማግስቱ እንዲገቡ ታዘዙ። የአደጋው ምንጭ ታውቆ ነበር፤ የጠፋው ሥራውን የማቆም ሥልጣንና ድፍረት ነው። ሐዋሳ ከ2008 ዓ.ም. ጀምሮ የትልቅ የጨርቃ ጨርቅና አልባሳት ኢንዱስትሪ ፓርክ ከተማ ስለሆነች፣ የዳካ ታሪክ ለእኛ ሩቅ አይደለም።

በአገራችንም መስከረም 21 ቀን 2018 ዓ.ም. ጠዋት በአማራ ክልል በምንጃር ሸንኮራ ወረዳ፣ በአረርቲ ከተማ በመሠራት ላይ በነበረው የማርያም ቤተ ክርስቲያን የእንጨት ርብራብ ተደርምሶ ቢያንስ 36 ሰዎች ሲሞቱ ብዙዎች ቆስለዋል። ዕለቱ ምእመናን ለዓመታዊ በዓል የተሰበሰቡበት ነበር። የሐዘኑ ተካፋዮች ነን፤ ምክንያቱን መርምሮ መናገርም የባለሙያዎች ፈንታ ነው። እኛ ግን ጠቅላላውን ትምህርት መያዝ እንችላለን። ርብራብ የሚታሰረው ለጥቂት ሠራተኞችና ለዕቃቸው ነው። ሕዝብ በሚሰበሰብበት ዕለት፣ መስጊድም ይሁን ቤተ ክርስቲያን ወይም አደባባይ፣ ያላለቀ ግንባታ ሊታጠርና ሰው ከላዩም ከሥሩም ሊርቅ ይገባል። በየሰፈሩ በመዋጮ የምናሠራቸው መስጊዶች ስንቶቹ ናቸው በጁምዐ ቀን በርብራብ ሥር የሚሰገድባቸው? ይህን ጥያቄ የየመስጊዱ የግንባታ ኮሚቴ ለራሱ ይጠይቅ።

ነጋዴ አንባቢዎቼም በጥቅምት 2017 ዓ.ም. በመርካቶ ሸማ ተራ የተነሳውን እሳት ታስታውሳላችሁ። ጠዋት ሱቅ ሲከፈት መውጫው በዕቃ አለመዘጋቱን፣ ሽቦው አለመላጡን፣ እሳት ማጥፊያው የት እንዳለ ማየትም ከሥራ በፊት የሚደረግ ምርመራ ነው።

ሕጉ ምን ይላል?

ወንድሜ ሲወድቅ ያላወቅነውን ላካፍላችሁ። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በአንቀጽ 92 አሠሪው የሠራተኛውን ደኅንነትና ጤንነት ለመጠበቅ እርምጃ እንዲወስድ፣ ስለ ሥራው አደገኛነትና ስለ ጥንቃቄው እንዲያሳውቅ፣ የመከላከያ መሣሪያ እንዲያቀርብ፣ የደረሰውን አደጋ እንዲመዘግብና ለተቆጣጣሪ እንዲያሳውቅ ግዴታ ይጥልበታል። አንቀጽ 93 ደግሞ ሠራተኛው የተሰጠውን መከላከያ በአግባቡ እንዲጠቀምና ያየውን ጉድለት ወይም አደጋ እንዲናገር ያዛል። በአንቀጽ 96 መሠረት በሥራ ላይ ለሚደርስ ጉዳት አሠሪው ጥፋት ባይኖርበት እንኳ ኃላፊ ነው። ሆኖም ሠራተኛው በግልጽ የተሰጠውን የደኅንነት መመሪያ ጥሶ ወይም ሰክሮ ሥራ ላይ ተገኝቶ ራሱን ከጎዳ መብቱን ሊያጣ ይችላል።

የሥራ ውል የግድ በጽሑፍ መሆን የለበትም፤ በቃል የተቀጠረም ሠራተኛ ነው። እኛ ያላወቅነው ይህን ነው። ኢትዮጵያ ከዚህ ሌላ ዓለም አቀፉን የሥራ ደኅንነትና ጤንነት ስምምነት ቁጥር 155 በ1983 ዓ.ም. አጽድቃለች። ይህ ስምምነት በቂ ምክንያት ይዞ ለሕይወቱ ከሚያሰጋ ድንገተኛ አደጋ ራሱን ያገለለ ሠራተኛ እንዳይቀጣ ይጠብቀዋል። እንግዲህ «ገና አላየነውም፣ አልወጣም» ማለት እንቢተኝነት አይደለም፤ መብት ነው።

«የአላህ ውሳኔ ነው»

አንድ ነገር ልጨምር። በየለቅሶው ቤት «ቀኑ ደርሶ ነው» እንላለን። በቀደር ማመን የኢማናችን ክፍል ነው፤ ለሐዘንተኛም መጽናኛ ነው። ነገር ግን አንዳንድ አሠሪዎች ይህንኑ ቃል የጣውላው ምስማር ለምን እንዳልተመታ ላለመጠየቅ ሲጠቀሙበት አይቻለሁ። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) ግመሉን ሳያስር በአላህ እመካለሁ ላለው ሰው አስቀድሞ እንዲያስራት መምከራቸው በሐዲስ ተዘግቦልናል። ኸሊፋው ዑመር (ረ.ዐ.) ወደ ሻም ሲጓዙ ወረርሽኝ መግባቱን ሰምተው ሰዎችን አማክረው ተመልሰዋል፤ ከአላህ ውሳኔ ትሸሻለህን ተብለው ሲጠየቁም ወደ ሌላው ውሳኔው መሄዳቸው እንደሆነ መልሰዋል። ስለዚህ ተወኩል ሰበቡን ካደረሱ በኋላ ነው። የሰው ነፍስ አማና የተሰጠው ፎርማን ቋሚውን ሳይወዘውዝ ልጁን «ውጣ» ካለው፣ ቀደርን ሳይሆን ቸልተኝነቱን ነው የተከተለው።

ምን እናድርግ?

ለአሠሪዎች፦ የጠዋቱን አሥርና ሃያ ደቂቃ ከደመወዝ የሚከፈልበት የሥራ ሰዓት አድርጉት። ፎርማኑን «ስንት ሠራህ?» ብቻ ሳይሆን «ምን አየህ?» ብላችሁ ጠይቁት። አደጋ አለ ብሎ ሥራ ያስቆመውን አታባርሩ፤ እርሱን ካባረራችሁ ሁለተኛ የሚነግራችሁ አታገኙም።

ቤት ለምታሠሩ፦ ዋጋ ስትደራደሩ መደገፊያውንና ጥሩውን ጣውላ አብራችሁ አስቡ። በርካሽ የተዋዋላችሁት ግንበኛ ልዩነቱን የሚያወጣው ከርብራቡ ላይ ነው። ከአንድ ሜትር ተኩል በላይ ለሚጠልቅ ቦይ የጎን ድጋፍ እንዲደረግና አፈሩም ከጠርዙ ቢያንስ 60 ሳንቲ ሜትር እንዲርቅ ጠይቁ። እንደ ሐዋሳ ባለ የሐይቅ ዳርቻ ደግሞ ውኃ በቅርብ ስለሚገኝ አፈሩ ቶሎ ይላላል።

ለሠራተኞች፦ ከመውጣታችሁ በፊት ቀና በሉ፣ ጎንበስ በሉ፣ ዙሩ። መሰላል ስታቆሙ ለአራት ሜትር ቁመት እግሩን አንድ ሜትር አርቁ። ትናንት የረገጣችሁት ጣውላ ዛሬም እዚያው ለመሆኑ እርግጠኛ አትሁኑ። ምስማር ነቅላችሁ ከሆነ ሳትናገሩ ወደ ቤት አትሂዱ።

ሽማግሌው አናጢ ማስተካከሉን ሲጨርሱ ለልጁ «አሁን ውጣ፤ ቢስሚላህም በል፣ በስመ አብም በል፣ ብቻ ዐይንህ ይሥራ» አሉት። ልጁ ስቆ ወጣ። ፎርማኑም ከሰዓት በኋላ ሁለተኛውን መድረክ ሲጀምሩ መጀመሪያ ቋሚዎቹን ራሱ ሲወዘውዝ አየሁት። ይህን ጽሑፍ ካነበባችሁ መካከል ነገ ጠዋት ቢያንስ አንድ ሰው አንድ ቋሚ ቢወዘውዝ፣ አንድ ጣውላ ቢገፋ የደከምኩበትን አግኝቻለሁ።

አላህ ሰበቡን የምናደርስ ያድርገን፤ በሥራ ላይ ላሉ ወንድሞቻችንና እኅቶቻችንም በሰላም ወጥተው በሰላም መግባትን ይወፍቃቸው።

ወሰላሙ ዐለይኩም ወራሕመቱላሂ ወበረካቱህ።